ሐኪም ሳይሆኑ የልብ በሽታን መመራመር ይቻላል?

ውድ ጠያቂያችን፣

የባዮሎጂ ዲግሪሽን ለመጨረስ አንድ ዓመት እንደቀረሽና የልብ በሽታን መንስኤና ሕክምና በላብራቶሪ ማጥናት እንደምትፈልጊ ገልጸሽ ሁለት ነገር ጠይቀሻል፦ መጀመሪያ ሕክምና መማር ግድ ነው ወይ? ካልሆነስ በቀረኝ ዓመት ምን ልሥራ?

ግድ አይደለም። የሕክምና ትምህርት የሚያስፈልግሽ በታካሚዎች ላይ የሚደረግ ጥናት መምራት ካሰብሽ ነው። ስታቲን ከተባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች የመጀመሪያውን ከሻጋታ ያገኙት ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ የባዮኬሚስትሪ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈንገሶችን ፈትሸው ነው ኮሌስትሮል ለማምረት የሚያስፈልገውን ኤንዛይም የሚገታ ውህድ ላይ የደረሱት።

ይልቅ ቀድመሽ የምትወስኚው የትኛው የልብ በሽታ እንደሆነ ነው። የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ የቧንቧው ግድግዳ፣ የኮሌስትሮልና የነጭ ደም ሴሎች ጉዳይ ነው። የልብ ምት መዛባት ከሶዲየም፣ ከፖታሲየምና ከካልሲየም መተላለፊያዎች ጋር ስለሚያያዝ ፊዚክስ ለሚወድ ሰው ይስማማል። በዘር የሚወረስ የልብ ጡንቻ መወፈር የጂን ጥናት፣ የሩማቲክ የልብ በሽታ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጥናት ይጠይቃል። ለላብራቶሪ ኃላፊ “ልብ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ” ከማለት ከእነዚህ አንዱን ለይቶ መጻፍ እጅግ ይሻላል።

ቀጥሎ የመስኩን ዋና ችግር እወቂ። የአዋቂ ልብ ጡንቻ ሴል አይባዛም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እንደ ካንሰር ሴል እያራባሽ ልታቆዪው አትችዪም። ከእንስሳ ልብ ለመለየት ልቡ በአኦርታው (ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) በኩል ተሰቅሎ 37 ዲግሪ የሞቀ ፈሳሽ ከላይ ወደ ታች ይገፋበታል፤ መሠረቱን የጣሉት እ.ኤ.አ. በ1895 ኦስካር ላንገንዶርፍ ናቸው። መጀመሪያ ካልሲየም የሌለው ፈሳሽ የሴሎቹን መያያዣ ያላላል፤ ከዚያ ኮላጅኔዝ የተባለው ኤንዛይም በዙሪያቸው ያለውን መረብ ይፈታል። በመጨረሻ ካልሲየሙ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ 1 ሚሊሞላር ገደማ እንዲደርስ ይደረጋል። በአንድ ጊዜ ከተመለሰ ሴሎቹ ከልክ በላይ ተኮማትረው ይሞታሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጤነኛው ሴል እንደ ጡብ ረዘም ያለና መስመሮቹ ጥርት ያሉ ነው፤ የሞተው ተድቦልቡሎ ታገኚዋለሽ። ለወራት ሲሳካ የኖረ ሥራ ድንገት ከከሸፈ አስቀድመሽ አዲስ የተከፈተውን የኮላጅኔዝ ጠርሙስ ጠርጥሪ፤ ጉልበቱ ከምርት ምርት ስለሚለያይ በመጣ ቁጥር ተፈትኖ መጠኑ ይስተካከላል።

ሌላው መንገድ ከሰው ቆዳ ወይም ደም የሚዘጋጅ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ነው፤ ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ያሳዩት። ወደ ልብ ጡንቻ ሲለወጥ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ሳህኑ ላይ መምታት ይጀምራል፣ ሲያዩት በእውነት ያስደንቃል። ጠባዩ ግን ከአዋቂ ልብ ይልቅ ለፅንስ ልብ ይቀርባል። የአይጥ ልብም ቢሆን በደቂቃ ከ500 እስከ 600 ጊዜ ስለሚመታ የምት መድኃኒት በእሱ ላይ ያሳየውን በቀጥታ ለሰው ማዋል አይቻልም። “ይህ ሞዴል ጥያቄዬን የት ላይ ያሳስተዋል?” ብላ የምትጠይቅ ተማሪ በየትኛውም ላብራቶሪ ትፈለጋለች።

ከሁሉ አብልጠን የምንመክርሽ ግን ቆጠራን ነው። ከ3 አይጦች ከእያንዳንዳቸው 100 ሴል ብትለኪ ናሙናሽ 3 እንጂ 300 አይደለም፤ ከአንድ ልብ የወጡ ሴሎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉና። 300 ብለሽ ካሰላሽ የሌለ ልዩነት ያለ መስሎ ይወጣል። በዚህ ስሕተት የታተመ ውጤት ሌላ ቦታ ሲደገም አይገኝም፣ የታካሚዎች ተስፋም አብሮ ይባክናል። ስለዚህ በቀረሽ ዓመት ስታቲስቲክስን እንደ ዋና ትምህርት ያዢው፤ አር የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ቋንቋም ተማሪ።

እጅሽንም አሠልጥኚ። በሚዛን ላይ 100 ማይክሮሊትር ውኃ በፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መጥኖ በሚያንጠባጥበው መሣሪያ) 10 ጊዜ ጨምሪ፤ እያንዳንዱ ጭማሪ 100 ሚሊግራም ገደማ መመዘን አለበት። ልኬቶቹ እርስ በርስ ከ1 በመቶ በላይ ከተለያዩ ወይ ፒፔቱ ወይ እጅሽ መስተካከል ይፈልጋል። ሴል ማሳደግ የመማር ዕድል ካገኘሽ ማይኮፕላዝማ የተባለውን ጥቃቅን ባክቴሪያ ተጠንቀቂ። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይገድለውም፣ ፈሳሹንም አያደፈርስም፤ ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ምርመራ በየጊዜው ካልተመረመረ ሳይታወቅ ውጤቱን ሁሉ ያበላሻል።

በአቅራቢያሽ እንዲህ ያለ ላብራቶሪ ከሌለ በኮምፒውተር በኩል ግቢ፤ ተመራማሪዎች ለሁሉም ክፍት ያደረጉት ብዙ የጂን መረጃ አለ። ፒሲኤስኬ9 የተባለው ጂን እ.ኤ.አ. በ2003 ከፍተኛ ኮሌስትሮል በሚወርሱ ቤተሰቦች ላይ ተለየ። በኋላ ጂኑ የማይሠራላቸው ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ፣ በልብ በሽታም እምብዛም የማይያዙ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህ ጂን የሚመረተውን ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች ተፈቀዱ። መነሻው የሰዎች የጂን መረጃ ነበር።

ለላብራቶሪ ኃላፊ ስትጽፊ ከግማሽ ገጽ አትለፊ። ከጽሑፋቸው አንድ ሥዕል ጠቅሰሽ በእውነት ማወቅ የምትፈልጊውን ጥያቄ ጠይቂ፤ የሠራሽውን አንድ ትንተና አያይዢ። በእንስሳ ላይ መሥራት ካልፈለግሽ በግልጽ ተናገሪ፤ በሴልና በመረጃ ብቻ የሚሠሩ ቡድኖች አሉ። ከተቀበሉሽ ከመስማማትሽ በፊት በየቀኑ ማን እንደሚያሠለጥንሽ፣ የቀድሞ ተማሪዎች አሁን የት እንደሚሠሩ፣ ያልተሳካ ሙከራ በመዝገብ ይጻፍ እንደሆነ ጠይቂ። ለመጨረሻው ጥያቄ “አይጻፍም” የሚል መልስ ካገኘሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።