ሥራዬን ለቅቄ ልሩጥ ወይስ እድገቱን ልቀበል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። 29 ዓመትሽ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ ነሽ። ማራቶን በ3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ሮጠሻል፣ ከ2 ሰዓት ከ45 በታች መግባት ትፈልጊያለሽ። አለቃሽ ደግሞ የቡድን መሪነት እድገት አቅርቦልሻል። «ሥራዬን ለቅቄ ሁለት ዓመት ልሩጥ ወይስ እድገቱን ልቀበል? ሰው ሁሉ ለማይከፈልሽ ነገር ምን አደከመሽ ይለኛል» ብለሻል።

መጀመሪያ የሰዉን ነገር እንጨርሰው። ደመወዝ የሌለው ግብ ቀልድ አይደለም። ዕቅድ ልታወጪለት፣ ለእሱ ስትይም አንዳንዱን ነገር እምቢ ልትዪ ትችያለሽ።

ሥራሽን ግን አትልቀቂ፤ ቢያንስ አሁን።

ቁጥሩን እንየው። አሁን አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ነው የሮጥሽው። ለግብሽ ከ3 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በታች መውረድ አለበት። በየኪሎ ሜትሩ 28 ሰከንድ ገደማ መቀነስ ማለት ነው፤ ያውም 42 ጊዜ። ይሄ ዓመታት ሊፈልግ ይችላል። ገቢሽን አቁመሽ ሁለት ዓመት ብቻ ከሰጠሽው ትቸኩያለሽ። ሩጫ ላይ ጥድፊያ ደግሞ ጉዳት ያመጣል።

የ2018ቱን የቦስተን ማራቶን ተመልከቺ። ብርድ፣ ዝናብና ነፋስ ነበር። በሴቶች ሁለተኛ የወጣችው ሳራ ሴለርስ የማደንዘዣ ነርስ ነበረች። ሰዓቷ 2 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው፤ አንቺ የምትመኚው ማለት ነው። ወንዶቹን ያሸነፈው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺም ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ፕሮፌሽናል የሆነው በ2019፣ ካሸነፈ በኋላ ነው። ሁለቱም የተለየ ችሎታ አላቸው፣ አልክድም። ሥራቸው ግን ከሩጫው አላስቀራቸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ማለቂያ የሌለው የሥራ ሰዓት ነው። ስለዚህ እድገቱን ከመቀበልሽ በፊት አለቃሽን በግልጽ ጠይቂው። ሒሳብ ሲዘጋ ስንት ሰዓት ነው የምወጣው? ቅዳሜ እጠራለሁ? ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቼ ገብቼ ማታ ባካክስስ? መልሱ ከተድበሰበሰ፣ ከዓመት በኋላ እንድትነጋገሩበት ጠይቂ። እድገት አንዴ ስላለፈ አይጠፋም፤ የተረጋጋ የሥራ ሰዓት ግን በቀላሉ አይገኝም።

ውድድርም ስትመርጪ የሥራሽን ካላንደር አይተሽ ይሁን። ከባዱ ልምምድ የሚወድቀው ከማራቶኑ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ነው። እነዚያ ወራት ከዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ጋር ከተጋጩ ሌላ ውድድር ፈልጊ። የምትሮጪበትን ሰዓት ከእንቅልፍሽ አትቀንሺ። አብዛኛው ሩጫሽ እያወራሽ የምትሮጪው ሶምሶማ ይሁን፤ ጠንካራ ልምምድ በሳምንት ሁለቴ ይበቃሻል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እልሻለሁ፦ የወር አበባሽ ከቀረ፣ ወይም አጥንትሽ ላይ አንድ ቦታ ለይቶ ካመመሽ፣ ልምምዱን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። በቂ ምግብ ሳይበሉ ብዙ የሚሮጡ ሴቶች ላይ የሚታይ ምልክት ነው።

ሰዓትሽ እየወረደ ከመጣና ወጪሽን የሚሸፍን ክለብ ወይም ስፖንሰር በጽሑፍ ውል ከሰጠሽ፣ ሥራ ስለመልቀቅ ያኔ እናወራለን። ከዚያ በፊት የግማሽ ቀን ሥራ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።