ላይኩን በተከታይ ቁጥር አያካፍሉት

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ ፔንሲዮን አለን። የፌስቡክ ገጻችን 18 ሺህ ተከታይ አለው። የሐይቁን ፎቶ ስንለጥፍ ከ600 በላይ ላይክ ይመጣል፤ የክፍል ዋጋ ስንለጥፍ ግን 20 እንኳ አይሞላም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ 1,200 ተከታይ ይዘን አንዳንዱ ፖስት 3 ሺህ ቪው ያመጣል። ባለቤቴ የዋጋውን ፖስት እንተወው ይላል። የቱን ቁጥር እንመን?»

መልስ፦ እህቴ፣ የዋጋውን ፖስት ለጊዜው እንዳይተዉት። የላኩልኝን ስክሪንሾት ይዤ ሒሳቡን ልሥራው።

የሐይቁ ፎቶ 612 ላይክ፣ 38 ኮሜንትና 10 ሼር አለው፤ ድምሩ 660 ነው። የዋጋው 19 ላይክ፣ 15 ኮሜንትና 9 ሼር፣ በድምሩ 43። ሁለቱንም ለ18 ሺህ ተከታይ ካካፈልን ሐይቁ 3.7 በመቶ፣ ዋጋው 0.24 በመቶ ይሆናል። ባለቤትዎ ተስፋ የቆረጡት ይህን አይተው ነው። ነገር ግን 18 ሺህ ሰው የዋጋውን ፖስት መቼ አየውና? ፌስቡክ ያሳየው ለ800 ሰው ብቻ ነው፤ የሐይቁን ለ9 ሺህ። ያላየ ሰው ላይክ አላደረገም ተብሎ አይወቀስም። ላየው ሰው ሲካፈል ሐይቁ 7.3፣ ዋጋው 5.4 በመቶ ነው። የ15 እጥፍ ልዩነት የመሰለው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ አልደረሰም።

ስታቲስቲክሱ ውስጥ «ሪች» ወይም «ቪወርስ» የሚለውን ይውሰዱ፤ እሱ የሰው ቁጥር ነው። «ቪውስ» ስንት ጊዜ እንደታየ ስለሚቆጥር አንዱ ሰው ሦስቴ ካየው ሦስት ይላል።

አሁን ኮሜንቶቹን ይክፈቷቸው። ከዋጋው 15 ኮሜንቶች ስድስቱ የራስዎ «ኢንቦክስ ይመልከቱ» ናቸው። ፌስቡክ የገጹን መልስም አብሮ ይቆጥራል፤ ብዙ ገጽ አስተዳዳሪ ለአለቃው ሪፖርት ሲያደርግ ይቺን ይዘላታል (አንዳንዱም አውቆ ነው)። ስለዚህ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኙም ግን «ለሁለት ሰው ስንት ነው?»፣ «መኪና ማቆሚያ አለው?»፣ «ለገብርኤል ክፍል ይገኛል?» የሚሉ። ከሐይቁ ሥር ያለው «ዋው»፣ «ሐዋሳዬ» እና የልብ ምልክት ነው፤ ስለ ክፍል የጠየቁት ሁለት ብቻ። ከጠያቂዎቹ ጋር ሼር ያደረጉትን ስደምር ዋጋው ካዩት 800 ሰዎች 18፣ ሐይቁ ካዩት 9 ሺህ 12 አገኘሁ። ከሺህ ሰው ወደ 22 እና ከሺህ ሰው አንድ ግድም ማለት ነው። እኔ ብሆን በየሳምንቱ ደብተር ላይ የማሰፍረው ይህንን ነው። ላይክ ጣት ስትንሸራተት የሚመጣ ነገር ነው፤ መኪና ማቆሚያ የሚጠይቅ ሰው ግን ጉዞውን ማሰብ ጀምሯል።

የሐይቁንም ቢሆን አይጣሉት። በአንድ ፖስት የሐይቁን ፎቶ ከፊት፣ ክፍሉንና ዋጋውን ከኋላ አድርገው ይሞክሩት። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ ግን ይተዉት፤ ኮሜንት ቢያበዛም ጠያቂውን ያደክማል።

ቴሌግራም ላይ ቪው ከተከታይ መብለጡ ስህተት አይደለም። ፖስትዎ ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ሲደረግ እዚያ ያዩትም እርስዎ ጋ ይደመራሉ። ከፖስቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ግን ፖስቱ ስክሪን ላይ ማለፉን እንጂ መነበቡን አትነግርዎትም። የራስዎን ተከታዮች ለመለካት ፎርዋርድ ያልተደረጉትን ፖስቶች ብቻ እርስ በርስ ያወዳድሩ። ቪው ለሳምንታት መጨመሩን ስለማይተው ሁሉንም ከተለጠፉ ልክ በ24ኛው ሰዓት ይመዝግቡ። የፌስቡኩን በሰባተኛው ቀን ቢያደርጉት ይበቃል፤ ብር ከፍለው ቡስት ያደረጉትን ለብቻው ያስቀምጡ። ሰዓት ሲያነቡም ልብ ይበሉ፤ 8 ፒ ኤም የሚለው የእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው።

ሳምንት ከሳምንት ሲያወዳድሩ ታኅሣሥ 19፣ ሐምሌ 19 እና ፍቼ ጨምበላላ የሚውሉባቸውን ሳምንታት ያውጧቸው። ያኔ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ምንም ቢለጥፉ ስልክ ይደወላል።

ስልኩን በተመለከተ፣ ሁለት ሲም ካርድ ካለዎት አንዱን ቁጥር ፌስቡክ ላይ፣ ሌላውን ቴሌግራም ላይ ብቻ ይጻፉ። የቱ ገጽ እንግዳ እንደሚያመጣ የጥሪ መዝገቡ ይለይልዎታል። በእግሩ የመጣውን ደግሞ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ «የት አይተውን ነው?» ብላ ከስሙ ጎን ትጻፍ፤ «ሰው ጠቁሞኝ» የሚለውም የራሱ ዓምድ ይኑረው። አንድ ወር ከመዘገቡ በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት፤ የዋጋው ፖስት ይቅር አይቅር ያኔ ትወስናላችሁ።