አምፖሉ እስከ ሚቀጥለው እሑድ ይብራ፦ «ነፃ ኃይል» አክሲዮን ለምትጠየቁ ወገኖች

አምና አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ አንድ ወገናችን ከጫማ ካርቶን ጥቂት የሚተልቅ ጥቁር ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ባለ 10 ዋት አምፖል አበራበትና፣ ሣጥኑ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ፀሐይና ያለ ባትሪ ሳያቋርጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አስረዳን። ኩባንያው አክሲዮን እየሸጠ መሆኑን፣ የመጀመሪያው ምርትም መብራት ለሌላቸው የገጠር ጤና ጣቢያዎቻችን እንደሚላክ ሲጨምር፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ከ20 ዓመት በላይ በኤሌክትሪክ ሥራ ስላሳለፍሁ ሰዉ ዘወር እያለ ፊቴን ያይ ጀመር። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሣጥኑ አምፖሉን እንዳበራ እዚሁ ተቆልፎበት ይቆይና በሚቀጥለው እሑድ እንየው አልሁ። ሰውየው የፈጠራው ምሥጢር እንዳይሰረቅ ስለሚሰጋ እንደማይችል ተናገረ።

ምክሬ በአብዛኛው ይኸው ጥያቄ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። ያን በሚያክል ሣጥን ውስጥ 12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ ይገባል። 12 በ50 ሲባዛ 600 ዋት-ሰዓት ነው (ዋት-ሰዓት የተጠራቀመው ኃይል መጠን ነው)፤ 10 ዋት የምትበላ አምፖል በዚያ ብቻ 60 ሰዓት ትበራለች። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ቀርቶ የሁለት ቀን ትርኢት እንኳ ምንም አያረጋግጥም። አንድ ወር ሙሉ እንድትበራ ግን 7,200 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋልና፣ ይህን የሚይዝ የገበያ ባትሪ በዚያ ሣጥን አይገባም። ስለ «ኳንተም» እና ስለ «ማግኔት ምሥጢር» ከሻጩ ጋር ክርክር አትግጠሙ፤ በቃላት የለመደው እሱ ነውና ይረታችኋል። የምትጠይቁት ጊዜ ይሁን፤ መለኪያውንም ራሳችሁ አምጡ። ቮልት ብቻ እያሳየ የሚያስደንቃችሁንም ተጠንቀቁ፤ ቮልት የግፊት ልክ ስለሆነ፣ ከአምፔሩና ከሰዓቱ ጋር ካልተባዛ ምን ያህል ኃይል እንደተገኘ አይነግርም።

ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛን ሰዎች ኃይል ከየት እንደሚመጣ በኪሳችን ተምረናል፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ነው፣ ውኃውን ወደ ከፍታው ያወጣው ደግሞ ፀሐይ ነው። ኃይል መልኩን ይለውጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም የሚለው የትምህርት ቤት ሕግ ይህ ነው። ማግኔት ያዞረዋል የሚባለው ጎማም ቢሆን፣ ማግኔቱ ስቦ ሲያስጠጋው የሰጠውን ጉልበት፣ ጎማው ሲርቅ መልሶ ይወስድበታል፤ ዙሩ ሲሞላ ትርፉ ዜሮ ነው፣ እንዲያውም ሰበቃው ያከስረዋል።

«ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች አፍነውት ነው እንጂ» የሚል መልስ እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ የአየርላንዱን ስቲኦርን የሚባል ኩባንያ ታሪክ እጠቅሳለሁ። ደብሊን የነበረው ይህ ኩባንያ (ከዚያ በፊት የማጭበርበር መከላከያ ቴክኖሎጂ ይሠራ ነበር፣ ነገሩ ያስቃል) እ.ኤ.አ. በ2006 «ኦርቦ» ብሎ የሰየመው የማግኔት መሣሪያ ከሚወስደው በላይ ኃይል እንደሚሰጥ፣ በታዋቂው ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ማስታወቂያ አውጥቶ ሳይንቲስቶች መጥተው እንዲፈትኑት ጠራ። ማንም አላፈነውም፤ 22 አባላት ያሉት የዳኞች ቡድን ተመረጠለት። በሐምሌ 2007 ለንደን ላይ ለሕዝብ ሊያሳይ ቀጥሮ፣ የአዳራሹ መብራት ሙቀት መሣሪያውን አበላሸብኝ ብሎ ሰረዘ። በ2009 ዳኞቹ ኩባንያው ኃይል ማመንጨቱን አላሳየም ሲሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደብሊን ላይ ያሳየው ሞተር ደግሞ ባትሪ የተያያዘለት ነበር። በ2015 የስልክ ባትሪ መሙያ ሣጥን በ1,200 ዩሮ ለሽያጭ አቀረበ፣ በ2016 ተዘጋ፤ የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብም አብሮ ቀረ። ኩባንያው በነዚህ ዓመታት ሁሉ የጎደለው መድረክም ገንዘብም አልነበረም፣ የሚሠራ ዕቃ እንጂ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያለ ኃይል የሚሽከረከር ማሽን ሠራሁ የሚልን ሰው ማመልከቻ ላለመመርመር የወሰነው በ1775 ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ ጆን ኪሊ የሚባል ሰው ለሩብ ምዕተ ዓመት እንዲህ ባለ ማሽን ስም አክሲዮን ሲሸጥ ኖሮ በ1898 ሲሞት፣ ከቤተ ሙከራው ወለል ሥር ትልቅ የብረት ሉል ተቀብሮ ተገኘ፤ ማሽኑን በስውር ያንቀሳቅስ የነበረ የታመቀ አየር ማከማቻ ነው ተባለ።

እኛን ለየት የሚያደርገን ሻጩ በቋንቋችን፣ በማኅበራችንና በአገራችን ጨለማ በኩል መምጣቱ ነው። የመንደራችሁን ጤና ጣቢያ ማብራት ከፈለጋችሁ የፀሐይ ፓነል፣ ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠው) ዋጋቸውም አቅማቸውም ታውቆ ይሸጣሉ፤ ፀሐይዋ ነፃ ናት፣ ዕቃው ግን ደረሰኝ አለው።

አክሲዮን ከሆነ የሚሸጠው፣ አሜሪካ ያላችሁ ሻጩና ሽያጩ መመዝገባቸውን የግዛታችሁን የአክሲዮን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ወገን አሳፈርን ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ ውሉንና የተላከላችሁን መልእክት ሁሉ አስቀምጡና ለዚሁ መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ገንዘባችሁን አስመልሳለሁ ብሎ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ቢደውል ደግሞ፣ ቁጥራችሁን ያገኘው ብዙ ጊዜ ከተጭበረበሩት ሰዎች ስም ዝርዝር ላይ ነው።