ጂፒኤያችሁን ራሳችሁ አስሉት

ልጆቼ፣

በአሜሪካ ሃይስኩል ካውንስለር ሆኜ ስሠራ ኖሬ አሁን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ ጂፒኤያቸውን፣ ማለትም አማካይ ውጤታቸውን፣ በቃላቸው ያውቁታል። ከየት እንደመጣ ስጠይቃቸው ግን ስልካቸውን ያያሉ። ሲስተሙ ያወጣው ቁጥር ነው፣ አለቀ።

አንድ ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ትራንስክሪፕቷን ይዛ መጣች። «ተሳስታችኋል» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ። እንግሊዝኛ ቢ፣ ሒሳብ ኤ፣ ባዮሎጂ ቢ፣ ታሪክ ሲ፣ ስፖርት ኤ፣ ሥዕል ኤ። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ብላ ደምራለች፤ 20 መጣላት። ለ6 ስታካፍለው 3.33 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው 3.2 ነው።

ድምሯ ልክ ነበር። የረሳችው ክሬዲቱን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ትምህርት ክብደት ነው። ስፖርትና ሥዕል ግማሽ ግማሽ ክሬዲት ናቸው፣ የቀሩት አንድ አንድ። «መጀመሪያ እያንዳንዱን ነጥብ በክሬዲቱ አባዢው» አልኳት። እነዚያ ሁለት ኤዎች 4 መሆናቸው ቀርቶ 2፣ 2 ሆኑ። ድምሩ 16፣ ክሬዲቱ 5። 16 ለ5 ሲካፈል 3.2። እርሳሷን አስቀመጠችና «ያን ሁሉ የሮጥኩት ለግማሽ ነው እንዴ?» አለች።

ስሌቱ ይኸው ነው። ዲ 1፣ ኤፍ ደግሞ 0 ነው። ፕላስና ማይነስ በሚቆጥሩ ትምህርት ቤቶች ኤ ማይነስ አብዛኛውን ጊዜ 3.7፣ ቢ ፕላስ 3.3 ይሆናል። ስለ ኤፍ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከላይ ምንም ባይጨምርም ክሬዲቱ ከታች አካፋዩ ውስጥ ይገባል። የሚጎዳው ለዚያ ነው።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ በአንዱ ሴሚስተር 3 ክሬዲት ወስዶ 4.0፣ በሌላው 6 ክሬዲት ወስዶ 3.0 አምጥቶ ነበር። መሀሉን ወስጄ ስኮላርሺፕ ፎርሙ ላይ 3.5 ብለህ ጻፍ አልኩት። ትክክለኛው 30 ለ9 ሲካፈል ነው፤ 3.33። ፎርሙ ተመልሶ መጣ። ልጁ ፊት ይቅርታ ስጠይቅ ያፈርኩት እፍረት እስካሁን አይረሳኝም።

ሌላው ግራ የሚያጋባው «ዌይትድ» የሚባለው ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ ለሚሰጥ) ኮርስ አንድ ነጥብ፣ ለኦነርስ (ከተለመደው ጠንከር ላለ ኮርስ) ግማሽ ነጥብ ይጨምራሉ። የልጅቷ ባዮሎጂ ኤፒ ቢሆን ኖሮ ቢዋ 4 ሆኖ ይታሰብና ጂፒኤዋ 3.4 ይደርስ ነበር። ስለዚህ ጓደኛችሁ «4.3 አለኝ» ሲላችሁ ቶሎ አትደንግጡ፤ የየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ስሌት ብላችሁ ጠይቁት። ኮሌጆችም ብዙዎቹ እንደገና በራሳቸው መንገድ ያሰሉታል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ፕላስና ማይነስን አይቆጥርም፣ የዘጠነኛ ክፍልን ውጤትም ጂፒኤው ውስጥ አያስገባም። በስፖርት «ዲቪዥን አንድ» (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ኮሌጅ መግባት የምትፈልጉ ደግሞ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ የሚያየው 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ብቻ ነው፤ በእነሱ ቢያንስ 2.3 ያስፈልጋችኋል። የልጅቷን ሴሚስተር በዚህ ዓይን ብናየው ስፖርቱና ሥዕሉ ይወጡና 12 ለ4፣ 3.0 ይቀራታል። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ጂፒኤ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ ልነግራችሁ የምፈልገው። ልጆች አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ እየሮጡ ይመጣሉ። «ከዚህ በኋላ አጠናለሁ፣ 3.0 እፈልጋለሁ» ይሉኛል። ወረቀት አወጣለሁ። በሁለት ዓመት 12 ክሬዲት፣ ጂፒኤ 2.5፤ ያለህ ነጥብ 30 ነው። በዚህ ዓመት 6 ክሬዲት ብትወስድ 18 ይሆናል፣ ለ3.0 ደግሞ 54 ነጥብ ትፈልጋለህ። የጎደለው 24 ነው። ስድስቱም ኤ መሆን አለባቸው ማለት ነው። እዚህ ላይ ፊታቸው ይለወጣል። እስከ አሥራ ሁለተኛ መጨረሻ ካሰብነው ግን በሁለቱ ዓመት 3.5 ይበቃል፤ ግማሽ ኤ፣ ግማሽ ቢ። ከባድ ነው፣ ግን ሲደረግ አይቻለሁ። አካፋዩ በየሴሚስተሩ እያበጠ ስለሚሄድ አንዲት ኤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የምታነሳውን ያህል አሥራ ሁለተኛ ላይ አታነሳም። ይህን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ነገርኳችሁ።

ሴሚስተር ሲያልቅ ትራንስክሪፕታችሁን አውጡና ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የክሬዲቱን ዓምድ እዩ። ያቺ የ3.2 ልጅ እንዲህ ማድረግ ለምዳ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና ደብተሯን ይዛ ተመልሳ መጣች። የመዘምራን ክፍል ውጤቷ ሲ ነው፤ ግማሽ ክሬዲት መሆን ሲገባው አንድ ተብሎ ተመዝግቧል። «ተሳስታችኋል» አለችኝ፣ በዚህኛው ቀን ግን ሳትቆጣ። እርሳስ አንስቼ አሰላሁት። እውነቷን ነበር።