ትል ያስታወከ ቡችላ፣ “ሩዝ” የምትጥል ድመት፤ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይታከማሉ?

ጥያቄ፦ ውሻችን ከወለደች አራት ሳምንት ሆኗታል፤ አምስት ቡችሎች አሏት። የቡችሎቹ ሆድ ተነፍቷል፤ ትናንት አንዱ የተቀቀለ ፓስታ የመሰለ ረጅም ነጭ ትል አስታወከ። ድመታችን በምትተኛበት ጨርቅ ላይ ደግሞ የደረቀ ሩዝ የሚመስል ነገር እናገኛለን። ሁሉንም ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ አቅማችን አይፈቅድም። ቤት ውስጥ ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞል አለ፤ ከእሱ ቀንሼ ብሰጣቸው ይጎዳቸዋል? ልጆቼስ ከእነሱ ጋር ሲጫወቱ ትሉ ይተላለፍባቸዋል?

መልስ፦ አልቤንዳዞሉን አይስጧቸው። በውሻና በድመት ላይ የአጥንት መቅኒን ሊጎዳና የደም ሕዋሳት እንዳይመረቱ ሊያደርግ ይችላል፤ እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ ጽንሱን ያሰጋል። ቀንሶ መስጠት ችግሩን አይፈታም፤ መጠኑ ሲያንስ ትሉ ይተርፋል፣ ሲበዛ እንስሳው ይጎዳል። ደግሞም ቡችሎችዎና ድመትዎ የያዛቸው ትል አንድ ዓይነት አይደለም። ገንዘብ የሚባክነውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ትል የሚገድለው መድኃኒት ሌላውን ሳይነካው ያልፋል።

ቡችላው ያስታወከው ወስፋት ነው። “ከየት አመጣው? ከቤት ወጥቶ አያውቅም” ይሉ ይሆናል፤ ያገኘው ከእናቱ ነው። የወስፋት እጭ በሴት ውሻ ጡንቻ ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት ይቆያል፤ ተራ የትል መድኃኒትም እዚያ አይደርስበትም። ውሻዋ ስታረግዝ፣ ከ40ኛው ቀን በኋላ፣ እጩ ነቅቶ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሶቹ ይሻገራል፤ ከወሊድ በኋላም በወተት ይቀጥላል። ስለዚህ እናቲቱ ጤነኛ ብትመስልም፣ ሰገራዋ ላይ ምንም ባይታይም፣ ቡችሎቿ ሁሉ ትል አለባቸው ብሎ መነሳት ይሻላል። በድመት ዘንድ ወስፋት በእንግዴ ልጅ አይተላለፍም፤ በወተት ግን ይተላለፋል።

ለቡችሎቹ በዋጋም በደኅንነትም የሚመረጠው ፓይራንቴል ነው። ወስፋትንና ደም የሚመጠውን መንጠቆ ትል ያስወጣል፣ ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮም ይሰጣል። ለትንንሽ ቡችሎች በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ ለእናቲቱ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። በፈሳሽ መልክ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ 1.5 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ 0.3 ሚሊ ሊትር፣ 18 ኪሎ የምትመዝን እናት 1.8 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋቸዋል። አምስቱ ቡችሎችና እናቲቱ አንድ ላይ በአንድ ዙር የሚወስዱት 3.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ጠርሙሱ ላይ ሁለት ነገር ያንብቡ። አንደኛው፣ የተጻፈው መጠን የንጹሕ ፓይራንቴል ነው ወይስ “ፓይራንቴል ፓሞኤት” ወይም “ኤምቦኔት” የሚባለው የጨው ቅርጹ? 144 ሚሊ ግራም ፓሞኤት የያዘው ንጹሕ ፓይራንቴል 50 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማምታታት መጠኑን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ሁለተኛው፣ ለሰው ከተዘጋጀው ሽሮፕ አንዳንዱ ዛይሊቶል በሚባል ማጣፈጫ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው።

ሌላው አማራጭ ፌንቤንዳዞል ነው። ከአልቤንዳዞል ጋር የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ቢሆንም ለውሻና ለድመት ብዙ ጊዜ የተፈተነ ነው። በኪሎ 50 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለተከታታይ ሦስት ቀን ይሰጣል። ለከብት የሚሸጠው ፈሳሽ 10 በመቶ ከሆነ በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ 2.5 በመቶ ከሆነ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዚህ ስሌት እናቲቱ ከ10 በመቶው በቀን 9 ሚሊ ሊትር፣ እያንዳንዱ ቡችላ 0.75 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ሦስቱን ቀን ሳይጨርሱ “ትሉ ወጣ” ብሎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው፤ ይህ መድኃኒት ትሉን የሚያጠፋው አስርቦ ነውና ጊዜ ይፈልጋል። ፓይራንቴል የማይነካውን፣ ጅራፍ ትል የሚባለውን ሌላ የአንጀት ትልም ይገድላል፤ እዚያ ላይ ግን እጩ አድጎ እንቁላል ለመጣል ሦስት ወር ያህል ስለሚወስድበት የሦስት ቀኑ ሕክምና በአንድ አንድ ወር ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሰጣል።

ክብደቱን በግምት አይለፉት። ለቡችላ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ትልቅ ውሻ ከሆነ አቅፈውት የሰው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑና ይቀንሱ። ፈሳሹን ከመቅዳትዎ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ያናውጡት፤ መድኃኒቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ሳይናወጥ የተቀዳው የላይኛው ክፍል ውሃ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ደግሞ ከመጠን በላይ ይሆናል። መርፌው የተነቀለለት የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለትንሹ መጠን ትክክለኛው መስፈሪያ ነው። በአፍ ጎን፣ በጉንጭና በጥርስ መካከል አስገብተው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ በኃይል መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባ ይልከዋል፤ በዚህ የሚመጣው የሳንባ ምች ከትሉ ይልቅ ቶሎ ይገድላል።

አሁን ከሰጡ በኋላ፣ ቡችሎቹ 6 እና 8 ሳምንት ሲሞላቸው ይድገሙት። ከዚያ እስከ ስድስት ወር ዕድሜያቸው በወር አንዴ ይበቃል። ድግግሞሹ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ብቻ ስለሚያስወጣ ነው፤ በጉበትና በሳንባ እየተጓዘ ያለው እጭ ከቀናት በኋላ አንጀት ገብቶ ያድጋል። እንደ ደንቡ ቢሆን የመጀመሪያው ዙር በሁለተኛው ሳምንት መሰጠት ነበረበት። የድመት ግልገሎች በሦስተኛው ሳምንት ይጀምሩና ጡት እስኪጥሉ በየሁለት ሳምንቱ ይወስዳሉ። እናቲቱ ከቡችሎቿ ጋር በአንድ ቀን ካልወሰደች ልፋቱ ግማሹ ከንቱ ነው፤ ቡችሎቿን እየላሰች ትሉን መልሳ ትወስዳለች።

ከሰጡ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ትል በሰገራ ሲወጣ ሊያዩ ይችላሉ፤ ፓይራንቴል ትሉን የሚያሽመደምድ እንጂ ወዲያው የሚገድል ስላልሆነ አንዳንዱ ሲንቀሳቀስ ይታያል። አይደንግጡ። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፦ ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ ደጋግሞ የሚያስታውክና ሰገራ ያቆመ ቡችላ አንጀቱ በትል ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ድዱ የነጣ፣ ሰገራው ጥቁርና የሚያጣብቅ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘና መጥባት ያቆመ ቡችላ ደግሞ በመንጠቆ ትል ደሙ እያለቀ ነው። መንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ስለሚመጥ፣ እንቁላሉ በሰገራ ከመታየቱ በፊት እንኳ ቡችላን ሊገድል ይችላል። ያለዎትን ገንዘብ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ያስቀምጡ፤ በዚያን ሰዓት መድኃኒት ብቻውን አያድንም፣ ደም መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል።

ወደ ድመቷ ስንመጣ፣ ያ “ሩዝ” የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ትኩስ ሲሆን የዱባ ፍሬ ይመስላል፣ ይንቀሳቀሳልም፤ ሲደርቅ ሩዝ ይሆናል። ፓይራንቴል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ። ለውሻ የሚሸጠው ባለ 50 ሚሊ ግራም ኪኒን ለ10 ኪሎ የተሠራ ስለሆነ፣ 4 ወይም 5 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ግማሹ ይበቃል። ኪኒኑ ፕራዚኳንቴል ብቻ የያዘ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ ለውሻ ከተዘጋጁት ቅልቅሎች ድመትን የሚጎዱ አሉ። አይፍጩት። እጅግ መራራ ነው፤ ድመቷ ከነከሰችው አረፋ ትደፍቃለች፣ ባለቤቶችም “ተመረዘች” ብለው ይጮሃሉ። ምላሷ ላይ ወደ ኋላ አድርገው አስቀምጠው፣ አፏን ዘግተው፣ ከዚያ ጥቂት ውሃ በሲሪንጅ ያስከትሉላት፤ ደረቅ ኪኒን ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ እንዳያቆስላት። ከስድስት ሳምንት በታች ላለ ግልገል አይሰጥም።

ብዙ ሰው “መድኃኒቱ አልሠራም” የሚለው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ያልጠፋው ቁንጫው ነው። ይህ ኮሶ ትል የሚተላለፈው ድመቷ ራሷን ስትልስ ትሉን የተሸከመ ቁንጫ በመዋጧ ነው፤ ከዋጠችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ሳምንት ገደማ አዲስ ቁራጭ መጣል ትጀምራለች። ስለዚህ ፕራዚኳንቴሉንና የቁንጫ መከላከያውን በአንድ ሰሞን ይስጡ፣ ውሻዋም ትታከም፣ መኝታ ጨርቃቸውን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ይጠቡ፣ ወለሉንና ጥጋጥጉን ጠርገው ያውጡ፤ የቁንጫው እጭ የሚያድገው እንስሳው ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበትን የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ በጭራሽ አያፍሱ፤ አንቀጥቅጦ ይገድላታል። ቁንጫ ከሌለና ቁራጩ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ከተመለሰ አይጥ እያደነች ነው፤ ሌላው የኮሶ ትል ከአይጥ ነው የሚመጣው።

ስለ ልጆችዎ፦ አዎ፣ ሊተላለፍ ይችላል፤ መንገዱ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም። ትኩስ ሰገራ ውስጥ ያለ የወስፋት እንቁላል ገና አይጎዳም፤ አፈር ላይ ሁለት እስከ አራት ሳምንት መብሰል አለበት። አንዴ ከበሰለ ለዓመታት በሕይወት ይቆያል፣ በረኪናም አይገድለውም። ልጁ አፈር የነካ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት እጩ በጉበት፣ በሳንባ፣ አልፎ አልፎም በዓይን ውስጥ ይዞራል፤ ዓይን ከገባ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል። የመንጠቆ ትል እጭ በሞቃትና እርጥብ አፈር በሳምንት ውስጥ ደርሶ ባዶ እግርን በቆዳ በኩል ይበሳል፣ ቆዳ ሥርም የሚያሳክክ ጠመዝማዛ መስመር ይሠራል። ይህን ሁሉ የሚቆርጠው ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ነው፦ ሰገራን በየቀኑ ማንሳት። ሲሚንቶ ወለል ላይ የፈላ ውሃ ያፍሱ፤ የአፈር ግቢ ከሆነ ደግሞ ጥላውን ቀንሰው ፀሐይና ደረቅነት እንዲያገኘው ያድርጉ፣ ለመንጠቆ ትል እጭ ይህ ሞት ነው። የልጆች መጫወቻ አሸዋ ካለ ማታ ይሸፈን፤ ድመቶች እንደ መጸዳጃ ይቆጥሩታል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ዓይን የማያየው ነው። ውሻ ሳይበስል የታረደ እንስሳ ጉበትና ሳንባ ከበላ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ኮሶ ትል አንጀቱን ይሞላዋል፤ ውሻው አይታመምም፣ ሰገራውም ላይ ምንም አይታይም። እንቁላሉ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ለሰው ተላላፊ ነው፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፣ ለማውጣትም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። እንዲህ የሚመገብ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል ያስፈልገዋል። የሆድ ዕቃውን በደንብ ቀቅሎ መስጠት ወይም ጨርሶ መከልከል ከዚህ ሁሉ ኪኒን ያድናል፤ ርካሹ መድኃኒት ማገዶው ነው።

ኢቨርሜክቲን ስለሚባለው የከብት መርፌም ብዙዎች ይጠይቃሉ። 1 በመቶው በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሺህ ማይክሮ ግራም ይይዛል፤ የታወቀው የልብ ትል መከላከያ መጠን ግን በኪሎ 6 ማይክሮ ግራም ነው። ለ5 ኪሎ ውሻ 0.003 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ በየትኛውም ሲሪንጅ አይለካም። ኮሊ የሚባለውንና መሰል የውሻ ዝርያዎችን ከመጠን ያለፈው ያሳውራል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራሳቸውን ያስታል። ነጭ ሽንኩርትም ትል አያስወጣም፤ ሲበዛ የውሻና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል።

ለአዋቂዎቹ በዓመት አራት ጊዜ ማከም የተለመደው ምክር ነው። ወጪ መቀነስ ከፈለጉ የሁለቱንም ሰገራ ለየብቻ ይዘው ያስመርምሩ፤ የወስፋት፣ የመንጠቆ ወይም የጅራፍ ትል እንቁላል ካልተገኘ ያንን ዙር መዝለል ይቻላል። ምርመራው ግን ከቁንጫ የሚመጣውን ኮሶ ትል ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ እንቁላሉ ቁራጩ ውስጥ ታሽጎ ስለሚወጣ፤ ለዚያ ከማይክሮስኮፕ ይልቅ የድመቷን መኝታ መመልከት ይሻላል። ለቡችሎቹ የመጨረሻውን ዙር ከሰጡ ሁለት ሳምንት በኋላ የአንዱን ወይም የሁለቱን ሰገራ ቢያሳዩ፣ ትሉ መጥፋቱን ያውቃሉ።