ፉክክር ይዘነው እንወለዳለን ወይስ እንማረዋለን?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«ትልቁ ልጄ ሁለተኛ ከወጣ እህል አይቀምስም። ትንሹ ስንተኛ እንደወጣ እንኳ ግድ የለውም። አስተዳደጌ ይሆን?» (እናት፣ ከደሴ)

አብሽሪ እህቴ። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰዎች በጠባይ ከሚለያዩበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ወንድማማቾች ደግሞ የሚወርሱት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ቢለያዩ አይግረምሽ።

በእጅሽ ያለው ሌላ ነው። ትልቁ ሁለተኛ ሲወጣ ቤት ውስጥ ምን ይባላል? «እነ እገሌ በለጡህ?» ከተባለ ልጁ ፍርሃት ይማራል። ትንሹንም እባክሽ «እንደ ወንድምህ ሁን» አትበይው። በዚህች አንድ ቃል ልባቸው የተሰበረ ልጆች አውቃለሁ።

«ጓደኛዬ ሰው በተፈጥሮው ተፎካካሪ ነው፣ የሚተባበረው ሲቸግረው ብቻ ነው ይላል። እውነት ነው?» (ወጣት፣ ከሐይቅ)

ሐይቅ ዳር ነህና የዓሣ አጥማጆች ነገር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ብራዚል ውስጥ ሁለት ዓይነት አጥማጆችን አነጻጸረ። ሐይቅ ላይ ያሉት በትንሽ ጀልባ ለየብቻ ያጠምዳሉ። ባሕር ላይ ያሉት ግን በቡድን ካልሆነ አይሆንላቸውም። ቀላል ጨዋታ ተሰጣቸውና «በሠራችሁት ልክ ይከፈላችሁ ወይስ ተወዳደሩና ያሸነፈ ይውሰድ?» ተባሉ። ውድድሩን ይበልጥ የመረጡት የሐይቁ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱም በሥራው ላይ ብዙ በቆዩት ይጎላል፤ ዓሣ በማያጠምዱት ላይ ግን አልታየም። ሥራቸው ነው የቀረጻቸው።

እኛ ጋም ያው ነው። አጨዳ ሲደርስ ከጎረቤቱ ጋር በወንፈል የሚያጭደው ገበሬ፣ ገበያ ሲወጣ ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ገዢ ይሻማል። ሐዘን ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ቅሬ (እድር) ድንኳን ይተክላሉ። ጓደኛህ ያየው የገበያውን ቀን ብቻ ነው።

«የሥራ ባልደረቦቼ ሴት በተፈጥሮዋ ፉክክር አትወድም ይሉኛል።» (ከኮምቦልቻ)

አትቀበያቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ በታንዛኒያ ማሳዮች ዘንድ ከወንዶቹ 50 በመቶ፣ ከሴቶቹ 26 በመቶ ያህሉ ውድድርን መረጡ። ሕንድ ውስጥ የካሲ ሕዝብ ዘር የሚቆጥረው በእናት ነው፤ ውርስም ለሴት ልጅ ይሄዳል። እዚያ ውድድርን የመረጡት ከሴቶቹ 54፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ ናቸው። ያደግሽበት ቤትና ሰፈር ምን እንደፈቀደልሽ ጠይቂ።

«የገና ጨዋታ ልጆችን ጠብ አያስለምድም?» (አባት፣ ከላስታ)

አያስለምድም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ የሚያድግ ልጅ መሸነፍንም ይለምዳል። ብቻ ቡድኑን በየጊዜው ያቀያይሩላቸው፤ ዛሬ የተጋጠሙት ነገ በአንድ ወገን ይጫወቱ።