ስለ ኮል ፊልድ ሃውስ ለጠየቀኝ ልጅ

በቀደም አንድ ልጅ ጥያቄ ጠየቀኝ። ዘንድሮ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲማሩ ኮል ፊልድ ሃውስ ገና የቅርጫት ኳስ ጂም ነበር አይደል? እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ደስ ይል ነበር» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ጨዋታ አይቼ አላውቅማ።

ስለዚህ ይህን ለሱም ለእናንተም ጻፍኩ። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ በክሬዲት ካርድ አትጫወቱ ምናምን አልላችሁም። እሱን እናቶቻችሁ በየቀኑ ይነግሯችኋል።

ጊዜው 90ዎቹ ነው፣ በፈረንጆቹ። ቀን ሲቪል ኢንጂነሪንግ እማራለሁ፣ ማታ ዲሲ መሀል ፓርኪንግ እሠራለሁ። ያን ጊዜ ከኛ ሰው ፓርኪንግ ያልሠራ ማን አለ? ገንዘብ የምንቀበልባት ቡዝ ጠባብ ናት። ማሞቂያዋን እግሬ ሥር አድርጌ፣ መጽሐፌን ከገንዘብ መሳቢያው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። ገጾቹ ሁሉ የቡና ጠብታ አለባቸው።

አብሮኝ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ይሠራ ነበር። ሺፍት ስንቀያየር ቶሎ አይሄድም፤ ወሬ ይወዳል። አንድ ማታ ሹራቤ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም አየና «ኮልን ታውቀዋለህ?» አለኝ። «በየቀኑ በበሩ ነው የማልፈው» አልኩት። «በ66 ያን ማታ እዚያ ነበርኩ። ጽዳት ነበር የምሠራው» አለ። በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ። ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳልነቅል «እህ» አልኩት። ትንሽ ቆመ። ከዚያ የሰው መኪና ቁልፍ አንስቶ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።

«ያን ማታ» ያለው ምን እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 19 ቀን 1966 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ እዚያ ቤት ተደርጓል። ቴክሳስ ዌስተርን የሚባል፣ ከኤል ፓሶ የመጣ ቡድን ኬንታኪን ገጠመ። የኬንታኪ ተጫዋቾች በሙሉ ነጮች ነበሩ፤ አሰልጣኛቸው ስመ ጥሩው አዶልፍ ራፕ ነው። የቴክሳስ ዌስተርኑ ዶን ሃስኪንስ ራሱ ነጭ ነው፤ ግን አምስት ጥቁሮች አሰለፈ። በዚያ ፍጻሜ እንዲህ ያለ አሰላለፍ ታይቶ አያውቅም። ተቀይረው የገቡት ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። ቦቢ ጆ ሂል ከኬንታኪዎች እጅ ኳስ በተከታታይ ሁለቴ ነጥቆ አስቆጠረ። 72 ለ 65 አለቀ። ከተሸነፉት አንዱ በኋላ በኤንቢኤ አሰልጣኝነት ዝናው የናኘው ፓት ራይሊ ነው።

ልጠይቀው ስል ሽማግሌው ጡረታ ወጥቶ ደቡብ እህቱ ጋ ሄዷል። ስልኩን የያዘ ሰው አጣሁ። ስንት ነገር ልጠይቀው ነበር! ሕዝቡ ከጨዋታው በኋላ እንዴት ወጣ? ጽዳቶቹ ጓዳ ውስጥ ምን ተባባሉ? ውጤቱንማ ማንም ያገኘዋል። እናንተ የዛሬ ልጆች ጎግል ላይ የሌለ ነገር የተደረገ አይመስላችሁም። አዝናለሁ ግን እንደዚያ ነው የማያችሁ።

እኔ ቤቱ ውስጥ ደህና አድርጌ የተቀመጥኩት ስመረቅ ነው። ከመንገድ ስትገባ ሜዳው ከታችህ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሠሩት። ጣሪያው አንድ ትልቅ ቅስት ነው፤ መሀል ላይ የሚከልል ምሰሶ የለም። 1955 ላይ የተከፈተ ቤት ነው እንግዲህ። ተናጋሪው ምን እንዳለ አላስታውስም፤ አንጋጥጬ ጣሪያውን ሳይ ነበር። ድልድይ ሥራ ላይ የቀረሁት ከዚያ ይሁን አላውቅም። እናቴ ከአዲስ አበባ መምጣት ስላልቻለች አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ ላይ ተቀምጣለች። እልልታዋ ቤቱን ሲሞላው ፈረንጆቹ ሁሉ ዞሩ።

በ1972 የቻይና የጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ለወዳጅነት የተጫወተው እዚያ ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊም በ1974 ዘፍኖበታል። ሌፍቲ ድሪዘል የተባለው የሜሪላንድ አሰልጣኝ ደግሞ አለ። በ1971 ልምምድ በተፈቀደበት ቀን ገና ከእኩለ ሌሊት እንዳለፈ ተጫዋቾቹን አስነስቶ አጠገቡ ባለው ስታዲየም ትራክ ላይ አስሮጣቸው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የልምምድ መጀመሪያን የሚያከብሩበት የእኩለ ሌሊት ድግስ ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። ትራኩ ያን ሌሊት በመኪና መብራት ነበር የሚታየው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሜሪላንድ እዚያ ቤት ያደረገው የመጨረሻው የወንዶች ጨዋታ መጋቢት 2002 ነበር፤ ቨርጂኒያን 112 ለ 92 አሸነፉ። ያኔ ደህና ደመወዝ አለኝ። ትኬት ግን ከየት ይምጣ? አሰልጣኙ ጋሪ ዊሊያምስ ራሱ ተማሪ ሆኖ እዚያ የተጫወተ ሰው ነው። ሁልጊዜ ሱፉ በላብ ርሶ ነበር የሚጨርሰው። ያን ማታ በቴሌቪዥን አየሁት። በወሩ አትላንታ ላይ ዋንጫውን አነሱ።

ታዲያ ሥራችሁን ትታችሁ ጨዋታ ግቡ እያልኩ ነው? አይደለም። የትምህርቴን ከፊሉን የከፈለልኝ ያ ፓርኪንግ ነው። ዛሬም ብመለስ ለዚያ ፈተና አነባለሁ። ግን አምስት ደቂቃ ምን ይጎዳኝ ነበር? ፈተናውን እንደሆነ ማለፌን እንጂ ስንት እንዳገኘሁ እንኳ ረስቼዋለሁ። እናንተ ደግሞ ከኔ ትብሳላችሁ፤ ጆሯችሁን በኤርፖድ ደፍናችሁ ነው የምትሄዱት። ያነጋገራችሁ ጽዳት ካለ እንኳ አትሰሙም። ሁላችሁም አይደላችሁም፣ እሺ። ይኸው አንዱ ጠይቆኛል።

አሁን ቤቱ ጆንስ ሂል ሃውስ ይባላል። ስሙን በ2021 ነው ያወጡለት። ቢሊ ጆንስ ዩኒቨርሲቲው ያኔ በነበረበት ሊግ፣ በኤሲሲ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። የጀመረው የ66ቱ ፍጻሜ በተደረገበት የውድድር ዘመን፣ እዚያው ቤት ነው። ዳሪል ሂል ከሱ ቀድሞ በ1963 በአሜሪካ ፉትቦል የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። ሜዳው ተነስቶ የፉትቦል መለማመጃ ሣር ተነጥፎበታል። ቅስቱ ጣሪያ ግን አለ።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ የሚመቸህን ቅዳሜ ንገረኝና ሄደን እንየው። ፓርኪንጉን እኔ እከፍላለሁ።